ሂዌትን ከውሉ ለይተን እንየው

ትምህርት ቤት ስለ ሂዌት ውል ስንማር ሰውየውን ማንም አላስተዋወቀንም። አድዋ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ፈረመ፣ እንግሊዝ ቃሏን አጠፈች፣ አለቀ። እኔ ግን የዚህ መኮንን ታሪክ አብሮ መነበብ አለበት ባይ ነኝ።

ዊልያም ሂዌት በክራይሚያ ጦርነት ገና የ20 ዓመት የባህር ኃይል ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ሴባስቶፖል አጠገብ የሩሲያ ጦር በጎን መጣበት። መድፉን ከጥቅም ውጭ አድርገህ አፈግፍግ የሚል ትእዛዝ ደረሰው። ትእዛዙ ከራሴ አለቃ አልመጣም ብሎ እምቢ አለ። የምሽጉን ግንብ አፈረሰ። ከወታደሮች ጋር እየገፋ ያን ከባድ መድፍ አዞረና በሚመጣው ጦር ላይ ተኮሰ። የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ የተሸለመው በዚህ ነው። ጀግንነቱን መካድ አይቻልም።

ከ30 ዓመት በኋላ አድሚራል ሆኖ በሱዳን የቀይ ባህር ወደብ ሱዋኪን ላይ እናገኘዋለን። በሱዳን የግብፅን አገዛዝ በመቃወም ካመፁት ማህዲስቶች መሪዎች አንዱን ኦስማን ዲግናን ለሚያመጣ ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ አዋጅ አወጣ። ለንደን አልተቀበለችውም፤ አዋጁ ተሻረ። ለእኔ ትልቁ ምልክት ይህ ነው። ሂዌት የሚለው ሌላ፣ ለንደን የምታጸናው ሌላ።

በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ፈረመ። ግብፅ ይዛው የነበረው ቦጎስ፣ በዛሬዋ ኤርትራ ያለው የከረን አካባቢ፣ ለኢትዮጵያ ይመለሳል። በምጽዋ በኩል መሣሪያ ጭምር በእንግሊዝ ጥበቃ በነፃ ያልፋል። አፄ ዮሐንስ ደግሞ በሱዳን የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው አልፈው እንዲወጡ ይረዳሉ። ውሉን ንግሥት ቪክቶሪያም አጽድቃዋለች። ስለዚህ ጥፋቱን በአንድ መርከበኛ ላይ መደፍደፍ ለንደንን ነፃ ማውጣት ነው። ደግሞም ልብ በሉ፦ ውሉ ምጽዋን ለኢትዮጵያ አልሰጠም። ማለፊያ ፈቀደ እንጂ የበሩ ቁልፍ ሌላ እጅ ላይ ቀረ።

ጥር 29 ቀን 1877 ዓ.ም. ጣልያን ምጽዋ ገባች፤ እንግሊዝም ዝም አለች።

ራስ አሉላ ግን የተከበቡትን ወታደሮች ማውጣታቸውን አላቋረጡም። መስከረም 1878 በዛሬዋ ምዕራብ ኤርትራ ኩፊት ላይ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋደቁ፣ ምጽዋ በጣልያን ከተያዘች ሰባት ወር አልፏት ነበር።