ማስተካከያ፦ እጥፍ የሚሆነው የማን ገቢ ነው?

ስለ ሕዝብ ቁጥርና ዕድገት ባለፈው በወጣው ጽሑፍ «ኢኮኖሚው በዓመት 5 በመቶ ካደገ የእያንዳንዱ ሰው ገቢ በ14 ዓመት እጥፍ ይሆናል» የሚለው ይታረም። በ14 ዓመት ገደማ እጥፍ የሚሆነው የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ነው። ሕዝቡ በዓመት 2.5 በመቶ ከጨመረ የነፍስ ወከፍ ዕድገቱ 2.4 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። እጥፍ ለመሆን 29 ዓመት ይፈጃል። ያውም በአማካይ! አማካይ ደግሞ ገቢው ለማን እንደደረሰ አይናገርም።

«ወሊድ ሲቀንስ የሕዝብ ቁጥር ወዲያው መጨመሩን ያቆማል» የሚለውም ልክ አይደለም። ወጣት በበዛበት አገር እያንዳንዷ እናት ጥቂት ብትወልድም እናት የሚሆኑት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ለአሥርት ዓመታት ማሻቀቡን ይቀጥላል። ቀድሞ የሚቀንሰው በአንድ ሠራተኛ ጫንቃ ላይ ያሉ ልጆች ብዛት ነው። ለቁጠባና ለትምህርት ፋታ የሚገኘውም ከዚያ ነው፤ ሥራ ካለ ማለት ነው።