የእጥበት ታካሚ ራሱን ሲስት፦ ከሳላይኑ በፊት የአንገቱ ትርታ

በኩላሊት እጥበት ክፍሎች ራስን መሳት እንግዳ ነገር አይደለም፤ አደጋውም ከመለመዱ ይጀምራል። ታካሚው ያዛጋል፣ ያልበዋል፣ «ጨለመብኝ» ይላል፣ አንገቱ ዘንበል ይላል። ሲስተር ሳላይኑን (በመስመሩ ወደ ደም የሚገባውን ጨዋማ ፈሳሽ) ትለቃለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይኑን ይገልጣል፤ መዝገቡ ላይ «ግፊት ወርዶ ነበር፣ ኖርማል ሳላይን ተሰጠ» ተብሎ ይጻፋል፤ እጥበቱ ይቀጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በእርግጥም የግፊት መውረድ ስለሆነ ሳላይኑ ይሠራል። ሆኖም ልቡ የቆመ፣ ስኳሩ የወረደ፣ መርፌው ወልቆ ደሙ በብርድ ልብሱ ሥር የሚፈስ ታካሚም ከሩቅ ሲታይ መልኩ ያው ነው። ስለዚህ እጃችን መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ሳላይኑ መክፈቻ ሳይሆን ወደ ታካሚው አንገት ነው።

ትከሻውን ይዞ በስሙ መጥራት፤ ካልመለሰ ጮክ ብሎ ሰው መጥራት፤ ከዚያ ደረቱ መነሣት አለመነሣቱን እያዩ የአንገቱን ትርታ መዳሰስ። ለዚህ ከ10 ሰከንድ በላይ አያስፈልግም። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስሕተት አለ፦ የማሽኑን የግፊት መለኪያ ተጭኖ ውጤት መጠበቅ። ግፊቱ በጣም ከወረደ ወይም ልብ ከቆመ መለኪያው ይነፋል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይነፋል፣ በመጨረሻም ስሕተት ብሎ ይወጣል። እንደገና ሲጫኑት ያው ይደገማል፤ ደቂቃዋም አለቀች። ፓምፑ እየዞረ በማሳያው ላይ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር መታየቱም ስለ ታካሚው ልብ የሚናገረው ነገር የለም። ደሙን የሚያዞረው ማሽኑ ነውና።

ትርታውና ትንፋሹ ካሉ ሁለተኛው ነርስ ዩኤፉን፣ ማለትም ማሽኑ ፈሳሽ የሚያወጣበትን ፍጥነት፣ ወደ ዜሮ ያወርዳል። ወንበሩ ይዘረጋል፣ እግር ከፍ ይላል፣ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሳላይን በፍጥነት ይሰጣል፣ ከዚያ ግፊት ይለካል። ካስፈለገ ይደገማል። ካስታወከው ወደ ጎን ማዞር፣ ኦክስጅኑ ከወረደ በጭንብል መስጠት ነው። የደም ፓምፑን ማዘግየት ከድሮ ማሽኖች ዘመን የተረፈ ልማድ ነው፤ ግፊቱን የሚያነሣው ዩኤፉን ማቆምና ፈሳሽ መመለስ ነው። በዚሁ መሐል አንድ ሰው የጣት ስኳር ይለካል፣ ታካሚው የስኳር ሕመምተኛ ባይሆንም። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ 40 በመቶ ግሉኮስ ይሰጣል። ግሉኮሱ መግባት ያለበት ወደ ታካሚው በሚመለሰው ሰማያዊ መስመር ነው፤ በቀዩ ከገባ ከፊሉ በፊልተሩ (በደም ማጣሪያው) በኩል ታጥቦ ይወጣል።

ሳላይኑ እየገባ ሳለ ዓይን ከመርፌ እስከ መርፌ መሄድ አለበት፤ ለዚህም መጀመሪያ ብርድ ልብሱን መግለጥ ነው። ፓምፑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ሲገፋ ሰማያዊው መርፌ ቢወልቅ በሦስት ደቂቃ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ደም ይፈስሳል። ማሽኑ ይጮሃል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ የግፊት ለውጡ ከተሰጠው ገደብ ካላለፈ ዝም ይላል። የፊስቱላ (መርፌው የሚገባበት በቀዶ ሕክምና የተሠራ የደም ሥር) ክንድ በሥራ ላይ እያለ አይሸፈንም የሚባለው ለዚህ ነው። ታካሚው በረደኝ ካለ ክንዱን ትቶ ሌላውን መሸፈን ይቻላል።

«ደሙን ቶሎ መልሱለት» የሚለው ትእዛዝ የሚጎዳባቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ፤ ሦስቱም ብዙ ጊዜ ስለማያጋጥሙ ይረሳሉ። አንደኛው በሰማያዊው መስመር አረፋ ወይም አየር መታየቱ ነው። ፓምፑ ይቆማል፣ መስመሩ በክላምፕ ይዘጋል፣ ታካሚው ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ሙሉ ኦክስጅን ይደረግለታል። ሁለተኛው የደም ሴሎች መፈንዳት ነው፦ በመስመሩ ውስጥ ያለው ደም ድፍን ቀይነቱን ትቶ እንደ ወይን ጠጅ ጠርቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ታካሚው ራሱን ከመሳቱ በፊት ጀርባውን ወይም ደረቱን ያመው ይሆናል። የፈነዳው ደም በፖታሲየም የተሞላ ስለሆነ ከተመለሰ ልብ ሊያቆም ይችላል። ምክንያቱ የተጣጠፈ መስመር ከሆነ የአንድ ታካሚ ችግር ነው፤ ከውኃው ያልወጣ ክሎራሚን (የቧንቧ ውኃ ማከሚያ ኬሚካል) ከሆነ ግን የክፍሉ ሁሉ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ወንበሮችን መስመሮች ወዲያው ማየት ግድ ነው። ሦስተኛው በእጥበቱ የመጀመሪያ ደቂቃዎች የሚመጣ የፊልተር አለርጂ ነው፤ ማሳከክ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከዚያ መውደቅ። ፓምፑን ማቆም፣ መስመሮቹን መዝጋት፣ ደሙን አለመመለስ፣ 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን በጭን ጡንቻ መውጋት።

ትርታ ከሌለ ደረት መጫን ይጀመራል፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። የእጥበት ወንበር ለዚህ የተሠራ አይደለም። ተዘርግቶም ጀርባው ስለሚወዛወዝ ከሥሩ ጠንካራ በርጩማ ማስደገፍ ይረዳል፤ ካልሆነ ታካሚውን ወደ ወለል ማውረድ ነው። በዚህ ጊዜ ማሽኑን የሚያውቅ አንድ ነርስ ለማሽኑ ብቻ ይመደባል። እጥበቱን ያቆማል፣ ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱ ከሌሉ ደሙን በሳላይን ይመልሳል፣ ታካሚውን ከማሽኑ ያላቅቃል፤ መርፌውን ወይም ካቴተሩን (በደም ሥር የገባውን ቱቦ) ግን አይነቅልም፤ መድኃኒት የሚገባው በዚያ ነው። ደሙን ለመመለስ ተብሎ ደረት መጫን አይቋረጥም። ዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ ምት የሚያስነሣ መሣሪያ) ካለና ማሽኑ ለኤሌክትሪክ ምቱ የሚቋቋም መሆኑ ካልተረጋገጠ ከመተኮሱ በፊት መላቀቅ አለበት። አድሬናሊኑ 1 ሚሊ ግራም በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። የእጥበት ታካሚ ልብ ሲቆም ፖታሲየምን አለመጠርጠር አይቻልም፤ በተለይ ገና ሳይጀምር ከወደቀ። 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት 30 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ባይካርቦኔት የሚከተል ከሆነ መስመሩ በመሐል በሳላይን ይታጠባል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይረጋሉ።

ከሆስፒታል ግቢ ውጭ ያለ ማእከል ከሆነ ወደ አምቡላንስ ቁጥር 907 የሚደወለው ነገሩ «እስኪታይ» ሳይሆን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። አምቡላንሱን በር ላይ ቆሞ የሚቀበል ሰውም ይመደብ።

አስታማሚዎችን እየጮሁ ማባረር ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ጩኸት ነው። እናት ወይም ወንድም የሚያስታምሙት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረው ሊያሸትቱ፣ ውኃ ሊረጩ፣ ቀና አድርገው ሊያስቀምጡት ይሞክራሉ። የመጨረሻው በእርግጥ ይጎዳል፤ ግፊቱ የወረደን ሰው ቀና ማድረግ ለአንጎሉ የቀረችውን ደም መንፈግ ነው። አንድ ባልደረባ ክንዳቸውን ይዞ ምን እየተደረገ እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግራቸው ብዙዎቹ ይረጋጋሉ፤ መቼ እንደበላ፣ ኢንሱሊን ወስዶ እንደሆነ፣ የግፊት ክኒኑን ጠዋት ውጦ እንደሆነም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በጾም ወቅት ኢንሱሊኑን ወግቶ ሳይበላ የሚመጣ ታካሚ አለ። ስለ ጸበልም በአክብሮት መጠየቅ ይገባል። ካቴተር ያለው ታካሚ ሲጠመቅ ካቴተሩ መርጠብ የለበትም፤ የሚጠጣውም መጠን ከውኃ እኩል ይቆጠራል።

ታካሚው ነቃ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሣለት። ቀሪው ሰዓት በቀድሞው ዕቅድ አይቀጥልም። ከወንበሩ ከመነሣቱ በፊት ተቀምጦና ቆሞ ግፊቱ ይለካ፤ ሚዛኑ አጠገብ የሚወድቁት ብዙ ናቸው። በተመሳሳይ ክብደት ደጋግሞ ከወደቀ ምናልባት ሥጋ ጨምሮ ደረቅ ክብደቱ (ትርፍ ፈሳሽ ሳይኖርበት የሚመዝነው) ከፍ ማለት ነበረበት። ዩኤፉ ትንሽ ሆኖም ከወደቀ የልቡ ሽፋን ፈሳሽ ቋጥሮ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ይታይ፤ እስከዚያ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት) ይቅር።

ከሁሉ በላይ ግን ሒሳቡን መሥራት ነው። በሀገራችን ብዙ ታካሚዎች በገንዘብ ምክንያት በሳምንት የሚታጠቡት ሁለት ጊዜ ነው። ሰኞና ሐሙስ የሚታጠብ ሰው ከሐሙስ እስከ ሰኞ አራት ቀን ይቆያል። ደረቅ ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ታካሚ 4.5 ኪሎ ጨምሮ መጣ እንበል። ያን ሁሉ በአራት ሰዓት ማውጣት በሰዓት 1,125 ሚሊ ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ኪሎው 19 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከ13 ሚሊ ሊትር በላይ ሲሆን ጉዳቱ እንደሚጨምር በሞያው የታወቀ ነው። በዚህ ሰው ደም ሥር ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ፕላዝማ 2.5 ሊትር ቢሆን ነው፤ ቀሪው ከእግሩና ከሆዱ እብጠት ቀስ እያለ ወደ ደም ሥሩ መመለስ አለበት። ማሽኑ ከዚያ ከፈጠነ ደም ሥሩ ይጎድላል፣ ታካሚው ይወድቃል። ሳላይን ሰጥቶ ዩኤፉን በዚያው ቁጥር መልሶ መክፈት ሁለተኛ መውደቅን ማዘዝ ነው።

በ13 ሒሳብ አራት ሰዓት 3.1 ሊትር ያወጣል፤ አምስት ሰዓት 3.9። የእጥበት ፈሳሹን ሙቀት ከ37 ወደ 36 ዲግሪ ማውረድ ያለ ምንም ወጪ ይረዳል፤ የቀረው ለሚቀጥለው ቀን ይተላለፋል፤ ከምግቡም ጨው ይቀነሳል። አምስተኛው ሰዓት ግን ሁልጊዜ የሚከለከለው «ተረኛ እየጠበቀ ነው» ወይም «ክፍያ አለው» እየተባለ ነው። ተረኛው እውነት ነው፤ ፈረቃውን በአንድ ወንበር ላይ ማሸጋሸግ ግን ይቻላል። ክፍያው ላይ ግን ማእከላቱን እንሞግታለን። ተጨማሪዋ ሰዓት የሚያስፈልጋት ያው ፊልተር፣ ያው መስመር፣ ያው መርፌ ነው። የሚጨመረው 30 ሊትር ገደማ የእጥበት ፈሳሽ፣ መብራትና የነርስ ሰዓት ነው። ለዚህ የሙሉ እጥበት ዋጋ የሚጠይቅ ማእከል ካለ ዝርዝሩን አውጥቶ ለታካሚው ያሳይ።