ሰባት ቤት መቁጠር የጉበት ምርመራ አይደለም

ሰሞኑን ኮዬ ፈጬ ውስጥ በተደረገ የወላጆች ውይይት ላይ አንድ የጤና ኃላፊ የተናገሩት አሁንም ያንገበግበኛል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ውስጥ ያለውን ፈሳሽ የሚያወፍር የዘር በሽታ) ያለበት ልጅ ጉበቱ ሲታመም ምክንያቱ ታውቋልና ሌላ የዘር በሽታ መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው አሉ። ይባስ ብለው፣ ሰባት ቤት ቆጥረን ስለምንጋባ ሁለት የዘር በሽታ አንድ ልጅ ላይ አይገጥምም ሲሉ አከሉ። ተጨበጨበላቸው!

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በብዛት የሚታየው የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ከ25 ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው፤ ማለትም ራሱ ሳይታመም የተበላሸውን ጂን አንድ ቅጂ ይዟል። የአጎታቸውን ልጅ እያገቡ ነው? በፍጹም። የማይዛመዱ ሁለት ተሸካሚዎች ቢጋቡም እያንዳንዱ ልጃቸው የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር የዘመድ ጋብቻን አደጋ ይቀንሳል፤ ዋስትና ግን አይሆንም። ደግሞ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ጂን 7ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ሰውነት ውስጥ መዳብ የሚያጠራቅመው የዊልሰን በሽታ 13ኛው ላይ፣ ጉበትና ሳንባ የሚጎዳው የአልፋ ዋን አንቲትሪፕሲን (የአንድ ፕሮቲን) እጥረት 14ኛው ላይ ነው። አንዱ በሽታ ለሌላው ክትባት መሰላቸው እንዴ?

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሐሞትን አወፍሮ ጉበት እንደሚጎዳ ማንም አይክድም። ዓይን የሚጋርደውም ይኸው ዕውቀት ነው። ካርዱ ላይ «ከዋናው በሽታ ጋር የተያያዘ» ተብሎ አንዴ ከተጻፈ ተከታዩ ሐኪም ያንኑ ይገለብጣል፤ ከእሱ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ልጁ ዊልሰን ካለበት ግን መዳቡ ጉበቱ ውስጥ፣ ቆይቶም አንጎሉ ውስጥ ይጠራቀማል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል፣ ደብተሩ ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈቱ ይበላሻል፤ ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው ይላል። መድኃኒት ላለው በሽታ! ፔኒሲላሚን ወይም ዚንክ በጊዜ ተጀምሮ ዕድሜ ልክ ከተወሰደ ብዙዎች በደህና ይኖራሉ።

«የደም ምርመራው ደህና ነው» ማለትም አያዋጣም። ለዊልሰን የሚለካው ሴሩሎፕላዝሚንም፣ አልፋ ዋን አንቲትሪፕሲንም በየበሽታቸው ዝቅ ቢሉም ኢንፌክሽን ሲኖር ከፍ ብለው ደህና ሊመስሉ የሚችሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ የእነዚህ ልጆች ሳንባ ደግሞ ከኢንፌክሽን መቼ ያርፋል? ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ የ24 ሰዓት ሽንት አጠራቅሞ መዳቡን መለካት፣ የዓይኑ ጥቁር ክፍል ጠርዝ ላይ ቡናማ ቀለበት መፈለግ፣ ሲቻልም ጂኑን ማየት ነው። ቀለበቱ ባይታይ እንኳ ልጆች ላይ ዊልሰን የለም ማለት አይደለም።

ኃላፊው ቆጥበናል የሚሉት ገንዘብ ደግሞ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ዊልሰን ከተገኘ ወንድም እህቶቹም ምልክት ሳያሳዩ መመርመር አለባቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ4 አንድ ዕድል አላቸው። ካልተፈለገ እነሱንስ ማን ይጠራቸዋል?