ለክቡር አቶ እርጥበት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ኪራይ የማይከፍሉበትን ቤት እንዲለቁ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? መቼም ክረምት ነውና ደህንነትዎን አልጠራጠርም። እኔ እዚህ ሐዋሳ ቤት የማከራይና የማሻሽጥ ደላላ ነኝ። እንተዋወቃለን። ብዙ ጊዜ የምንገናኘው ከቁምሳጥን ጀርባ ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ኮሚሽኔ ነው። ሰው ደላላ የሚለፋ አይመስለውም። ተከራይ በባጃጅ አመላልሳለሁ፣ ሳሎን አሳያለሁ፣ ስለ ሐይቁ ነፋሻ አየር አወራለሁ። ልክ እጅ ወደ ቀብድ ሲሄድ እርስዎ ብቅ ይላሉ። ኮሚሽኔን ውሃ በላው።

በቀደም እንኳ ታቦር ተራራ ግርጌ ያለውን ባለሁለት መኝታ ቤት ያስታውሱታል። አከራይዋ ጎበዝ ናቸው። ተከራይ ላመጣ ነው ስላቸው ቀለም አስቀቡ፣ ዕጣን አጨሱ፣ ቡና ቆሉ። ቤቱ ዓመት በዓል ዓመት በዓል ሸተተ። ተከራይዋ ገባች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትንሹ አስም አለበት። ቡናውን አመስግና ተቀበለችና ቀጥ ብላ ወደ መኝታ ቤቱ። ቁምሳጥኑን በትከሻዋ ገፋ አደረገችው። ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ድረስ ቀለሙ ውሃ ቋጥሯል። አንዷን በጥፍሯ ነካ ብታደርጋት ረገፈች፤ ከሥሯ ነጭ ዱቄት። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈችና አሸተተችው። ከዚያ ወደ አከራይዋ ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ ቡናው ግሩም ነው። ይህን ክፍል ግን ቀድሞ የተከራየው ማነው?» አለች።

እርስዎ ነዎታ!

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፣ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። እርስዎን ይህ ሁሉ አይመለከትዎትም። ውል የለ፣ ቅድሚያ የለ፣ የቆጣሪ መዋጮ የለ። ውሃውንማ ይዘው የሚመጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ማን እንዳስገባዎትም አውቃለሁ። ቤቱ ሲሠራ፣ በመሠረቱና በግድግዳው መሃል ውሃ የሚከለክል ንጣፍ ለማስገባት ገንዘብ ጠፋ። ለበረንዳው አራት ወፋፍራም ዓምድ ግን አልጠፋም። አሸንዳው አለ፤ መውረጃ ቱቦው ግን መሃል ላይ ተቆርጦ የጣሪያውን ዝናብ በሙሉ ሰብስቦ መሠረቱ ሥር ይደፋዋል። ባለቤቱ አትክልት ወዳድ ከሆኑ ደግሞ አፈሩን ግድግዳው ላይ ከምረው ጽጌረዳ ይተክላሉ፤ ጠዋት ማታ ያጠጣሉ። ብሎኬትም የሰጡትን ይጠጣል። ውሃው በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ይሳባል፤ ፊቱ ላይ ሲደርስ ይተናል፤ ይዞት የመጣው ጨው ግን እዚያው ይቀራል። ነጩ ዱቄት እሱ ነው። ቀለሙን ገፍቶ የሚጥለውም እሱ ነው። ታዲያ መፍትሔው? ሌላ ቀለም። ደህና ገንዘብ ያለው እስከ ወገብ ድረስ ሴራሚክ ያስለጥፋል። ያኔ እርስዎ ከወገብ በላይ ይቀጥላሉ።

ባለቤቶቹን ከጠየቋቸው ጥፋቱ የሐይቁ ነው። «ሐይቁ መውጫ የለውም፣ ውሃው የት ይሂድ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። ሐይቁ ዳር ለተሠራ ቤት ይሁን፣ ያስኬዳል። ዳገት ላይ የሠራውም ግን ሐይቁን ይከስሳል። ሐይቁ ዳር ካለው ከዓሣ ገበያው፣ ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ ሌሊት ወጥቶ ቱቦውን የቆረጠበት ይመስል።

እኔም ለእርስዎ ያልሆንኩት የለም። «አዲስ ልስን ስለሆነ ነው፣ ይደርቃል» ብያለሁ፤ ቤቱ በተሠራ ዓመት የተወለደው የባለቤቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። «ለሐዋሳ ሙቀት ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ነው የሚሻለው» ብያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልዎ?

ገዢማ ሌላ ፍጡር ነው። ተከራይ ያሸታል፣ ገዢ ያሰላል። በተለይ ገዝቶ ሊያከራይ የመጣ ሰው ዓምድ አያስደንቀውም። ብልጡ ደግሞ በጥር አይመጣም፤ በጥር የማይደርቅ ግድግዳ የለም። ነሐሴ ላይ፣ ዶፍ በወረደ ማግስት፣ ጭቃውን እየረገጠ ይመጣል። ካርታው ይቅርና ሳሎኑን እንኳ ሳያይ አሸንዳውን አንጋጦ ያያል። ቀጥሎ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ለስላሳ ይከፍታል። «እዚህ ግቢ ተከራይ ይቆያል እንዴ?» ይላል እንደ ዋዛ። ባለሱቅ ምን ይደብቃል? ማን ፍራሹ ሻግቶበት እንደወጣ፣ ማን በሌሊት ዕቃ እንደጫነ ይዘረግፍለታል። በወር 10,000 ብር የሚከራይ ቤት በዓመት ሦስት ወር ባዶውን ከዋለ 30,000 ብር ሄደ ማለት ነው፤ የየዓመቱ ቀለም ሳይቆጠር። ሰውዬው ይህን እዚያው ስልኩ ላይ ይደምርና ከዋጋው ላይ ይቀንሰዋል። ካልሆነም «እደውላለሁ» ብሎ ይሄዳል። እንደማይደውል እኔም እርስዎም እናውቃለን። ባለቤቱ ግን ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው ይጠብቃሉ፤ ያሳዝናሉ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ቤቱን እንዲለቁልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። መልቀቅ ከከበደዎት ክፍል ይቀይሩ። ከፊት ያለው ትልቁ ቤት ባለቤቶቹ የሚኖሩበት ነው። እዚያ፣ የባለቤቱ አልጋ ራስጌ ላይ፣ አንድ ክረምት ብቻ ይክረሙልኝ። ቱቦው በሳምንቱ ይቀጠላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ኮሚሽን የቀረበት ደላላ

ግልባጭ፦
ለቁምሳጥኑ
ለቀለም ነጋዴው (መልቀቅዎን እንደሚቃወም ይታወቃል)