ማስተካከያ፦ ስለ 6 ሚሊዮኑና ስለ ኮዬ ፈጬው ልጅ

ባለፈው ጽሑፌ «እ.ኤ.አ. በ2015 ብቻ 6 ሚሊዮን ሰው ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን ፌስቡክ ላይ ይፋ አደረገ፤ ጓደኛ ገፋፍቶት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። 6 ሚሊዮኑ አሜሪካውያን ናቸው፤ ያውም እስከዚያ ድረስ የተጠራቀመ ቁጥር። የዚያ ዓመቱ 800 ሺህ ገደማ ነው። ፌስቡክ የቆጠረው ፕሮፋይል ላይ የተጻፈውን እንጂ የገፋፋውን ሰው አይደለም። «ጓደኛ» የሚለውን የጨመርኩት እኔው ነኝ።

በዚያው ጽሑፍ የኮዬ ፈጬው ልጅ ይህንኑ ስለ ራሱ ፌስቡክ ላይ «ለጠፈ» ያልኩትም ስህተት ነው። ጽፎ ነበር። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ቆመ። ከዚያ አጠፋው። «ተው፣ አንቀጽ 629 አለ» ያለው የሰፈር ጓደኛው ነው። (የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚከለክለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ ነው፤ ያሳስራል።) «አይዞህ፣ ለጥፈው» የሚሉት ውጭ አገር ያሉት ናቸው። እሱ ግን ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ ደረጃው ላይ ሁሉም ያውቀዋል።