ስሕተት ሳያሳይ የሚሳሳት ፍለጋ

የመድኃኒት ቤቶችን ክምችት የሚያሳይ ድረ ገጽ እንውሰድ። መረጃው ሞንጎዲቢ በተባለው የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ውስጥ ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ቤት የራሱ ሰነድ አለው፤ በሰነዱ ውስጥ ያለው ዝርዝር ደግሞ የየመድኃኒቱን ስምና ብዛት ይይዛል። ከ50 ፓኮ በላይ አሞክሳሲሊን ያለው የትኛው ነው? ፕሮግራመሩ ላራቬል በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ ሁለት «ዌር» (የማጣሪያ ሁኔታ) አከታትሎ ይጽፋል፤ ስሙ አሞክሳሲሊን፣ ብዛቱ ከ50 በላይ። ገጹ ያለ ችግር ይከፈታል። ከውጤቶቹ መካከል ግን 3 ፓኮ አሞክሳሲሊንና 200 ፓኮ ፓራሲታሞል ያለው መድኃኒት ቤት ተቀምጧል።

ሞንጎዲቢ እንዲህ ሲጠየቅ ሁኔታዎቹን ለየብቻ ነው የሚመለከተው። ስሙ በአንዱ መድኃኒት፣ ብዛቱ በሌላው ቢሟላ ሰነዱን ይመልሳል። ተራ ቁጥሮች በያዘ ዝርዝርም ያው ነው፤ ከ80 የሚበልጥና ከ85 የሚያንስ ብትሉት 70ና 90 ያሉበትን ሰነድ ያመጣላችኋል። ሁለቱ ሁኔታዎች በአንድ አባል ላይ እንዲሟሉ የሚያስገድደው «ኤለምማች» የሚባለው ትእዛዝ ነው።

«መመሪያው ላይ ተጽፎ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ተጽፏል። ነገር ግን መረጃን በሠንጠረዥ ረድፎች በሚያስቀምጡት የኤስኪውኤል የመረጃ ቋቶች ያደገ ሰው ሁለት «ዌር» ሲጽፍ ሁለቱም የሚፈተኑት በአንድ ረድፍ ላይ መሆኑን ለምዷል። ፍሬምወርኩ ያንኑ አጻጻፍ ይዞ ትርጉሙን ሲለውጥበት የሚያስጠነቅቀው የለም። ፕሮግራሙ ቢቆም በደቂቃዎች ውስጥ ይስተካከል ነበር፤ የተሳሳተ መልስ ግን ማንም ሳያውቀው ይከርማል፤ በመካከል የሚንከራተተው መድኃኒት ፈላጊው ነው።

ስለዚህ በዝርዝር ውስጥ ባሉ አባላት ላይ ከአንድ በላይ ሁኔታ የሚያስቀምጥ ጥያቄ ሁሉ በ«ኤለምማች» ይጻፍ እላለሁ። ላራቬልም ሆነ ሞንጉስ የተባለው የሞንጎዲቢ መሣሪያ ይህን ይችላሉ፤ የሚጨምረው አንድ ሁለት መስመር ቢሆን ነው። በእርግጥ የፍለጋው ሁሉ ማዕከል የዝርዝሩ አባላት ከሆኑ፣ መድኃኒቶቹን አውጥቶ በራሳቸው የሰነድ ስብስብ (ኮሌክሽን) ማስቀመጡ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሙከራ መረጃው ነው። ብዙ ጊዜ ለሙከራ የሚገባው መድኃኒት ቤት አንድ መድኃኒት ብቻ አለው፤ በእሱ ላይ ትክክለኛውም የተሳሳተውም ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ጥቂት አሞክሳሲሊንና ብዙ ፓራሲታሞል ያለው ሰነድ በሙከራው ውስጥ ይግባ፤ ፍለጋው እሱን ከመለሰ ሥራው ለተጠቃሚ አይለቀቅ።