ቢያንስ ፍጥነቱን ጻፉልን!
አሁንስ በቃኝ! እኩለ ሌሊት ሆኗል፣ ኔትወርኩ ወድቋል፣ ከራውተሩ ኮንሶል (መሣሪያውን በገመድ በቀጥታ ከምናዝበት ወደብ) የሚመጣልኝ ግን የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ። ለምን? የአንዱ መሣሪያ ወደብ ፍጥነት በሰከንድ 9600 ቢት፣ የሌላው 115200! ፍጥነቱ ሲገጥም ደግሞ የፍሎው ኮንትሮል (ዳታው መቼ እንደሚላክና እንደሚቆም የሚወስነው ቅንብር) ጣጣ፦ ጽሑፉ ይታያል፣ የምትጽፈው አይገባም። ገመዱስ? ሶኬቱ ያው አርጄ 45፣ የሽቦው አደራደር ግን እንደየአምራቹ! የዚህ ግንኙነት መስፈርት፣ አርኤስ 232፣ እኮ የወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዛሬ መስማማት እንዴት ያቅታል?

የአንዱን ራውተር አሲንክ መስመሮች (ሌሎች መሣሪያዎችን ለማዘዝ የሚያገለግሉ ወደቦች) ከሌሎች ራውተሮች ኮንሶል ጋር ስታገናኝማ ይብሳል። «ኖ ኤግዜክ» (በመስመሩ ላይ የትእዛዝ መቀበያውን የሚዘጋ ትእዛዝ) ካላልክ ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ ሲመላለሱ ያድራሉ፤ ልግባ ስትል መስመሩ ተይዟል። ማነው ይህን መቀበያ ከፋብሪካ ክፍት አድርጎ የሚልክልን? ኧረ ቢያንስ ፍጥነቱን ከወደቡ አጠገብ ጻፉልን!